መርማሪውን ማን ገደለው? ስለ ዴቪድ ሄነሲ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ብዙ አላወራም። (አወራሁ። ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

ዛሬ ስለ አንድ አሜሪካዊ ፖሊስ ነው የማወራችሁ። ስሙ ዴቪድ ሄነሲ ይባላል። ስሙን ገና ስጠራ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፣ ኮኛኩ ትዝ ብሏችሁ ነው። ሰውየው ግን ከመጠጥ ጋር አይተዋወቅም ነበር። በተተኮሰበት ማታ ከጓደኛው ጋር እራት ሲበላ እንኳ ያዘዘው ወተት ነው።

ቦታው ኒው ኦርሊንስ ነው፣ ዓመቱ 1890። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው። እኛ ጋ 1883 ዓ.ም ነበር፣ አፄ ምኒልክ ዘውድ ከጫኑ አንድ ዓመት ገደማ። ሄነሲ ሲሞት የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ነበር። ስሙን የሠራው ግን በመርማሪነቱ ነው። ስለሱ ባነበብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። አገር ያወቀው መርማሪ ተገደለ፣ የሱን ገዳይ መፈለግ ላይ ሲደርሱ ግን ምርመራ የሚባለው ነገር ጭራሽ ተረሳ።

እስቲ ከልጅነቱ ልጀምር። የተወለደው 1858 ነው። አባቱም ፖሊስ ነበር። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በነበረው በዚያ ሁሉም በሁሉም ላይ ቂም በያዘበት ጊዜ፣ 1869 ላይ፣ አርተር ጉሪን የሚባል ሰው ገደለው። ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ብዙም ሳይቆይ እዚያው አባቱ የሠራበት ፖሊስ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኖ ገባ። ወረቀት ሲያመላልስ፣ የትልልቆቹን ወሬ ሲሰማ አደገ። ሌቦችን በባዶ እጁ ጨምድዶ ጣቢያ ድረስ አምጥቷል ይባልለታል። ሃያዎቹን ሲጀምር መርማሪ ሆኗል።

ስሙ የገነነው በ1881 ነው። ጁሴፔ ኤስፖሲቶ የሚባል፣ ሲሲሊ ከምትባለው የጣሊያን ደሴት የመጣ ሽፍታ ነበር። ጆን ሮዝ የሚባል እንግሊዛዊ አግተው ገንዘብ ከተቀበሉበት ቡድን አንዱ ነው። የጣሊያን መንግሥት በጥብቅ ይፈልገው ነበር። ሰውየው አምልጦ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ኒው ኦርሊንስ ገብቶ እንደማንኛውም ሰው ይኖራል። ሄነሲና የአጎቱ ልጅ ማይክ፣ እሱም መርማሪ ነው፣ ተከታተሉት። ማንነቱን አረጋገጡ። ከዚያ ጃክሰን አደባባይ ላይ አፈፍ አደረጉት። በመርከብ ኒው ዮርክ ተላከ፣ ከዚያም ለጣሊያን ተላልፎ ተሰጠ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ኒው ኦርሊንስ ያኔ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲሲሊያውያን ይኖሩባት ነበር። ሄነሲ ከነዚያ ሁሉ መሀል አንዱን ነጥሎ ነው የያዘው። ስሙን፣ መልኩን፣ የሚያዘወትርበትን ቦታ አጣርቶ። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጹን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ለሞተ ሰው ክንፍ መቀጠል እኔ አልወድም። በዚያው በ1881፣ ኤስፖሲቶን በያዙ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሄነሲና ማይክ ቶማስ ዴቨሮን ተኩሰው ገደሉ። ዴቨሮ ማን መሰላችሁ? የከተማው መርማሪዎች አለቃ። አለቃቸው ማለት ነው! መሀላቸው ጠብ ነበር፣ የሥልጣን ሽኩቻም ነበረበት። ተከሰሱ፣ ራሳቸውን ሲከላከሉ ነው ተብሎ ነፃ ወጡ። ሄነሲ ከፖሊስ ለቀቀ። ወደ ግል ጥበቃ ሥራ ገባ፣ በ1884 የተከፈተውን ትልቁን የጥጥ ኤግዚቢሽን ያስጠበቀው እሱ ነው። 1888 ላይ ጆሴፍ ሼክስፒር የሚባል ከንቲባ ተመረጠና (አዎ፣ ሼክስፒር፣ ዛሬ ስሞቹ ራሳቸው ያስቃሉ) ፖሊሱን አስተካክልልኝ ብሎ ሄነሲን አዛዥ አደረገው። ገና ሠላሳ ዓመቱ ነው። ሚስት የለውም። ጂሮድ በሚባል መንገድ ላይ ከእናቱ ጋር ይኖራል።

ወደ ወደቡ እንሂድ፣ ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ከመካከለኛው አሜሪካ በመርከብ ሙዝ ይመጣል። ሙዝ ደግሞ ቶሎ ካልወረደ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ የጭነት ማውረዱን ሥራ የያዘ ሰው ገንዘብ ይዟል። ሥራው መጀመሪያ ፕሮቬንዛኖ በሚባሉ ወንድማማቾች እጅ ነበር። በኋላ ማትራንጋ የሚባሉት ነጠቋቸው። ሁለቱም ሲሲሊያውያን ናቸው። ግንቦት 1890 ላይ የማትራንጋ ሰዎች ማታ ከሥራ ሲመለሱ አድፍጠው የጠበቁ ሰዎች ተኮሱባቸው። ፕሮቬንዛኖዎቹ ተከሰው ተፈረደባቸው፣ ከዚያ ደግሞ ፍርዱ ተሽሮ ጉዳያቸው እንደገና እንዲታይ ተወሰነ። ሄነሲ ለፕሮቬንዛኖዎቹ ይቀርብ ነበር። በአዲሱ ችሎት ለነሱ ሊመሰክር ነው የሚል ወሬም ከተማውን ሞልቶት ነበር። ማትራንጋዎቹ ይህን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም። ግምት ግን ማስረጃ አይደለም፣ የዛሬው ወሬዬ በሙሉ በዚች ላይ ነው የቆመው።

ጥቅምት 15 ቀን 1890፣ ማታ። ሄነሲ የፖሊስ ቦርድ ስብሰባ ላይ አመሸ። ሲወጣ ቢል ኦኮነር አብሮት ነበር፣ የድሮ ጓደኛው ነው፣ በግል የጥበቃ ድርጅት ውስጥ ካፒቴን። ራምፓርት መንገድ ላይ አንድ ቤት ገብተው ኦይስተር የሚሉትን የባሕር ምግብ በሉ። ወተቱም እዚያ ነው የተጠጣው። ዝናብ ጥሎ ነበር፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መብራቱም ለይስሙላ ነው። ጂሮድ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ደህና እደር ተባብለው ተለያዩ። ሄነሲ ቤቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከመንገዱ ማዶ ተኩስ ወረደበት። የአደን ጠመንጃ ነው፣ ያ ፍንጥርጣሪ የሚረጨው። እየቆሰለ ሽጉጡን አውጥቶ መልሶ ተኮሰ፣ ትንሽ ሊከተላቸውም ሞከረ፣ ከዚያ አንድ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

ኦኮነር ተኩሱን ሰምቶ እየሮጠ ተመለሰ። «ዴቭ፣ ማነው?» አለው። ሄነሲ ጆሮህን ጠጋ አድርግ አለውና አንድ ቃል አንሾካሾከ። «ዴጎስ።» ለጣሊያኖች የሚወረወር ስድብ ነው።

ይህን የሰማው ኦኮነር ብቻ ነው። ሌላ ሰው የለም። ኦኮነር ዋሸ እያልኩ አይደለም፣ የሚዋሽበት ምክንያትም አይታየኝም። ግን አስቡት። በጨለማ፣ በዝናብ፣ ከመንገድ ማዶ ያሉ ሰዎች። ሄነሲ ፊታቸውን አይቶ ይሆን? ድምፃቸውን ሰምቶ? ወይስ እሱም እንደ ማንኛችንም ጠላቶቼ እነማን ናቸው ብሎ ገምቶ? ይህን መጠየቅ የመርማሪ ሥራ ነው። ደግሞ ለመጠየቅ ጊዜ ነበር! ሆስፒታል ተወስዶ እስከ ጠዋት ድረስ በሕይወት ቆይቷል፣ ልቡናውም አብሮት ነበር፣ ከመጡት ሰዎች ጋር ያወራ ነበር። እናቱ መጡ። ደህና እሆናለሁ፣ ቤት ይሂዱ ብሎ ሸኛቸው። እድናለሁ ብሎ ያስብ ነበር መሰለኝ፣ የማንንም ስም አልጠራም። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አረፈ። 32 ዓመቱ ነበር።

የኒው ኦርሊንስ ሰው ከልቡ አለቀሰለት፣ ይህ መካድ የለበትም። አስከሬኑ በከተማው አዳራሽ ተቀመጠ። በእርስ በርስ ጦርነቱ የደቡቦቹ ፕሬዚዳንት የነበረው የጄፈርሰን ዴቪስ አስከሬን በፊተኛው ዓመት ያረፈበት አዳራሽ ነው። ሕዝቡ ተሰልፎ ተሰናበተው።

ከንቲባው ግን ለቅሶው ሳይወጣ ሥራ ጀመረ። ለፖሊሶቹ የሰጠው ትእዛዝ ባጭሩ ያገኛችሁትን ጣሊያናዊ ሁሉ ያዙ የሚል ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁን የምፈልጋት እዚህ ጋ ነው፣ ሄነሲ ከሺዎች መሀል አንዱን ነጥሎ ነበር የያዘው። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ! የሲሲሊ ሰው የሚኖርበት ቤት ሁሉ ተፈተሸ፣ ብዙ ሰው ታፈሰ። እኛ አገር ድሮ አውጫጭኝ ነበር፣ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ የሚቀመጥበት። ብዙ ጉድለት ነበረበት። ቢያንስ ግን ሁሉም ነበር የሚቀመጠው፣ ባለርስቱም ድሀውም። ኒው ኦርሊንስ ላይ የተቀመጡት የአንድ አገር ሰዎች ብቻ ናቸው። ከንቲባው ቀጥሎ የሃምሳ ሰዎች ኮሚቴ አቋቋመ፣ የከተማው ባለሀብትና ጠበቃ የተሰበሰበበት። ቶማስ ደፊ የሚባል ጋዜጣ ሻጭ ደግሞ ተጠርጣሪ ልለይ ብሎ እስር ቤት ገባና አንቶኒዮ ስካፊዲ የሚባለውን እስረኛ በሽጉጥ አቆሰለው። ገና ክስ እንኳ አልተመሠረተም ነበር!

በመጨረሻ 19 ሰዎች ተከሰሱ። ከነሱ ዘጠኙ መጀመሪያ ለፍርድ ቀረቡ። ችሎቱ የካቲት 1891 ተጀመረ፣ ዳኛው ጆሹዋ ቤከር ናቸው። ከተከሳሾቹ አንዱ ፔትሮ ሞናስቴሪዮ ጫማ ሰፊ ነው። ከሄነሲ ቤት ማዶ ያለች ደሳሳ ቤት ውስጥ ይኖር ነበር፣ ተኩሱ ከዚያ ነው የመጣው ተባለ። ሌላው አንቶኒዮ ማርኬዚ የሚባል ተከሳሽ የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ ሄነሲ መጣ ብሎ በፉጨት ምልክት ሰጥቷል ተብሎ። ጆሴፍ ማኬካ ደግሞ እዚያው አሜሪካ የተወለደ ሀብታም የመርከብ ነጋዴ ነው። ምስክሮች ቀረቡ፣ ግን በዚያ ጨለማ ያዩትን መልክ እርግጠኛ ሆነው መናገር ለብዙዎቹ ቀላል አልነበረም።

መጋቢት 13 ውሳኔው ተሰማ። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ሰዎች፣ ስድስቱን ነፃ አላቸው። በሦስቱ ላይ አልተስማማም። ከተማው ጁሪው ተገዝቷል ብሎ ጮኸ። ለተከሳሾቹ የሚሠራ ዶሚኒክ ኦማሊ የሚባል የግል መርማሪ ነበር፣ ከሄነሲ ጋር ዱሮም ጠበኛ ነው፣ ጣት ሁሉ ወደሱ ተቀሰረ። ጉቦ ተሰጥቶ ይሆናል፣ ያች ከተማ ለጉቦ አዲስ አይደለችም። ያም ሆኖ፣ ተከሳሾቹ ሌላ ክስ ስለቀረባቸው ያን ሌሊት እዚያው ወህኒ ቤት አደሩ።

በማግስቱ ጠዋት ጋዜጦቹ ላይ ጥሪ ወጣ። እባካችሁ ልብ በሉ፣ ድብቅ ነገር አልነበረም፣ እንደ ስብሰባ ማስታወቂያ ነው የታተመው፣ የፍርዱን ጉድለት ለማቃናት ካናል መንገድ ላይ ሄንሪ ክሌይ ሐውልት ስር ተዘጋጅታችሁ ኑ ይላል፣ ከሥሩም የጠሩት ሰዎች ስማቸውን ፈርመውበታል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። ዊልያም ፓርከርሰን የሚባል ጠበቃ ንግግር አደረገ። ጠበቃ! ከዚያ ወደ ወህኒ ቤቱ ተመሙ። ሀላፊው መከላከል እንደማይችል ሲያውቅ ጣሊያኖቹን ከክፍላቸው አውጥቶ የቻላችሁበት ተደበቁ አላቸው። በር ተሰበረ፣ መሣሪያ የያዙት ተመርጠው ገቡ። 11 ሰው ተገደለ። ዘጠኙ ውስጥ በጥይት፣ ሁለቱ ውጭ ሕዝቡ ፊት ተሰቅለው።

ከ11ዱ ሦስቱ ነፃ የተባሉ ናቸው። ሦስቱ ጁሪው ያልተስማማባቸው። አምስቱ ደግሞ ከነጭራሹ ዳኛ ፊት ያልቀረቡ። የማትራንጋው አለቃ ቻርልስ ማትራንጋ ተደብቆ ተረፈ። የ14 ዓመቱ ልጅም ተረፈ፣ አባቱ አንቶኒዮ ማርኬዚ ግን ተገደለ። የሄነሲም አባት እንዲሁ በልጅነቱ ነበር የተገደለበት። ይህን ሳነብ ሄነሲን ደም መላሽ ሆኖ የወጣለት ሕዝብ ሄነሲን ምን ያህል ያውቀው ነበር እላለሁ።

ለዚህ ማንም አልተከሰሰም። ጉዳዩን ያጣራው ቡድን ሪፖርቱን ጽፎ፣ ጥፋቱን ጁሪው ላይ ደፍድፎ፣ ተሰብስቦ የገደለው ሕዝብ ስለሆነ የሚጠየቅ ሰው የለም ብሎ ዘጋው። በሕዝቡ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ጆን ፓርከር በኋላ የሉዊዚያና ገዥ ሆኗል። ትልልቆቹ የአሜሪካ ጋዜጦች ሳይቀሩ ድርጊቱን ደግፈዋል። ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ ያኔ ገና የመንግሥት ሠራተኞች ኮሚሽን አባል ነው፣ ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን እንደ ደህና ነገር ነው ያየሁት ብሏል።

ጣሊያን ተቆጣች። በዋሽንግተን ያለውን መልእክተኛዋን ባሮን ፋቫን ጠራች። የሮማው ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ነበር? አንቶኒዮ ዲ ሩዲኒ፣ ራሱ የሲሲሊ ሰው፣ በወጣትነቱ የፓሌርሞ ከንቲባ የነበረ። ይህን ስም የአድዋን ታሪክ የምታነቡ ታውቁታላችሁ። በዚያው ሰሞን፣ የካቲት 1891፣ የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ምኒልክን ማሳመን አቅቶት ከአዲስ አበባ ተቆጥቶ ወጥቷል። ሩዲኒ ሥልጣን ሲይዝ አንዱ ዶሴ ከኛ፣ ሌላው ከኒው ኦርሊንስ ነው የጠበቀው። ከአምስት ዓመት በኋላ ክሪስፒ በአድዋ ሽንፈት ሲወድቅ ተመልሶ የመጣውም፣ በጥቅምት 1896 የአዲስ አበባው የሰላም ውል ሲፈረም በሥልጣን ላይ የነበረውም እሱ ነው። ከርዕሴ ወጣሁ፣ ግን ይህን ሳልነግራችሁ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

አሜሪካ በ1892 25,000 ዶላር ካሣ ከፈለች። ፕሬዚዳንት ሃሪሰን በዚያው ዓመት ኮሎምበስ አሜሪካ የገባበት 400ኛ ዓመት በመላ አገሪቱ እንዲከበር አወጁ። ጣሊያኖቹን ለማባበል ነው የሚሉ አሉ፣ 400 ዓመቱ ግን መቼም መከበሩ አይቀርም ነበር።

ሄነሲስ? ሜተሪ በሚባለው መቃብር ረጅም የድንጋይ ሐውልት ቆሞለታል። ከሱ ሞት በኋላ ግን አሜሪካ ውስጥ የተናኘው የሱ ስም አይደለም፣ ማፊያ የሚለው ቃል ነው። በየጋዜጣው የተዛመተው በዚህ ጉዳይ ነው። ሄነሲ ለማፊያ ታሪክ መግቢያ ሆኖ ቀረ። ጣሊያን አሜሪካውያን ደግሞ በበኩላቸው የሚያስታውሱት 11ዱን ነው፣ እሱ እዚያም መግቢያ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 2019 የኒው ኦርሊንስ ከንቲባ ላቶያ ካንትሬል በከተማው ስም ለ11ዱ ይቅርታ ጠየቀች። ጥሩ አደረገች። ከ128 ዓመት በኋላም ቢሆን።

ጥያቄና መልስ ላይ ብዙ ነገር ተነሣ፣ አንዱን ብቻ ልጻፍ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወንድማችን «ወንድሜ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አውርተህ ገዳዩን ሳትነግረን?» አለኝ። (ሁለት ሰዓት አልሞላም።) አንዲት እናት ደግሞ «ምናልባት እኮ ከተሰቀሉት ውስጥ ነበረበት» አሉ። ሊሆን ይችላል፣ እማማ። የማትራንጋ ሰዎች ናቸው ብለው የሚያምኑ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፣ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። ሌሎች ደግሞ ማስረጃው አይበቃም ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ። ቻርልስ ማትራንጋ እስከ 1943 ኖሮ በእርጅና ሞተ። እሱን ተቀምጦ የጠየቀው መርማሪ ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ሌላ ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ግን በእጅ ነበር። ጁሪው ያልተስማማባቸው ሦስቱ፣ ሞናስቴሪዮ፣ ስካፊዲና ፖሊዚ፣ በሕጉ መሠረት እንደገና ሊከሰሱ ይችሉ ነበር። ሞናስቴሪዮ ቤቷ ከሄነሲ ቤት ፊት ለፊት ያለችው ጫማ ሰፊ ነው፣ ያን ሌሊት ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን የሚያውቅ ሰው ካለ እሱ ነው። ሦስቱም መጋቢት 14 ጠዋት ተገደሉ። በቀሩት ላይ የነበረው ክስም ተነሣ፣ የሄነሲ መዝገብ በዚያው ተዘጋ።